ሩብ ዙር

ባለፈው ሳምንት ታሪኬን ያቆምኩት ደብዳቤዬን ከስኮርታው፣ ከትርፉ ጎማ፣ ስር ሸጉጬ የመኪናውን የኋላ ክዳን ስዘጋ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ በዚያች ቦታ ከመካኒካችን ጋር ተጻጽፈናል፤ እንደዚያ አጭር ደብዳቤ ግን ጽፌለት አላውቅም። «እሁድ ጠዋት አባዬ ይዞኝ ሊሄድ ነው። ይቺ መኪና እንዲያው ባትነሳ ምን አለበት!» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ስጽፈው ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም።

ያን ከጻፍኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል። አባዬ ካረፈ ደግሞ ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ስለሠራቸው ድልድዮች ያወሩልኛል፤ የትኛው ወንዝ ላይ እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንዳለቀ። ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። ብቻዬን ስቀር ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ድልድይ አይደለም። አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ ናቸው የሚመጡብኝ።

የመኪናውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማችው አክስቴ ናት፤ የአባዬ ታላቅ እህት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኛው ጋር ነበር የምትኖረው። ሐሙስ ዕለት ከገበያ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ መኪና ንብ ጭናለች እንዴ? ከሥሬ እኮ ነው የሚጮኸው!» አለች። አባዬ ሬዲዮኑን ዘጋ። እውነትም ከኋላ በግራ በኩል እምምም የሚል ድምፅ አለ፤ ፈጠን ስንል ይበረታል፣ ዝግ ስንል ይደክማል።

አባዬ የድልድይ መሐንዲስ ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» እያለ ነው የሚጠራው። ጋራዥ የሚባል ነገር አያምንም። መኪናው የሚሠራው እግቢያችን ውስጥ ነው፣ እሱ ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ። ይህን የሚችልለት መካኒክ አንድ ብቻ ነበር።

ጆሮ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ መኪና ሲያመጡለት መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እናቱ የእኛን ልብስ ታጥብ ነበር። ሁለታችንም ልጆች ሳለን የታጠበውን ልብስ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣና በራችን ላይ አስቀምጦ ይሮጣል። ካደገና ሙያ ከያዘ በኋላም ከበረንዳችን አልፎ አያውቅም። እጁን የሚታጠበው ከውጭ ቧንቧ ነው፤ ሻይም የሚሰጠው እዚያው፣ አጭሯ ዱካ ላይ። አንድ ቀን ሲያመሰግነው ደስ ብሎኝ ስሰማ አባዬ ምን አለ መሰላችሁ? «እጁ ጥሩ ነው። ግን እጅ ብቻ ነው።»

ዓርብ ተጠርቶ መጣ። አባዬ ሲነዳ እሱ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሩ። ሲመለሱ በረንዳ ላይ ነበርኩ።

«የኋላ ግራ ኩሽኔታ ነው፣ ኢንጂነር። ቀኙም ሩቅ አያደርስዎትም። ሁለቱንም መቀየር ነው።»

ኩሽኔታ ማለት ከጎማው መሃል ገብቶ ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው፣ በውስጡ ትናንሽ ብረቶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«እሁድ ረጅም መንገድ አለብኝ» አለ አባዬ። «ልጄን ላደርስ ነው። ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ።»

«ቅዳሜ እጨርሳለሁ።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ከቁልቁለቱ ማዶ ባለው ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ሥራ እንዳገኘሁ ያውቃል። የምሄድበትን ቀን ግን ገና መስማቱ ነበር። «ቅዳሜ እጨርሳለሁ» አለ፤ እኔን የምትወስደኝን መኪና፣ በአንድ ቀን። ደብዳቤዬን ከስኮርታው ስር የሸጎጥኩት ያኑ ዕለት ሳይመሽ ነው። አለማየቱ እንደዚያ አንገብግቦኝ ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አስያዘ፣ የግራውን ኋላ በክሪክ አነሳ፣ ከሥሩ ወፍራም እንጨት ደገፈ። አባዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አክስቴም ጥላዋን ዘርግታ ከጎኑ።

«አንተ ጆሮ» አለችው፣ «መኪና ስታዳምጥ ሁሉን ትሰማለህ፣ ሰው ሲጠራህ ግን አትሰማም ይሉሃል። እውነት ነው?»

«መኪና አይዋሽም እትዬ።»

«ይኸው! ሰው ሁሉ ውሸታም ሆነና አረፈው!»

«ከእርስዎ በቀር።»

አክስቴ ደስ አላት። አባዬ አልሳቀም። «ነይ ጨርቅ አቀብዪው» አለኝ። የቀረብኩት በእሱ ትዕዛዝ ነው።

ጎማውን አወጣ። የመሃሉን ትንሽ ክዳን በካቻቪቴ ፈልቅቆ አነሳ። ዳዶው፣ ጎማውን የያዘው ማሰሪያ፣ እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ አቃንቶ መዘዘ፣ ዳዶውን ፈታ፣ የፍሬኑን ታምቡር፣ ከበሮ መሳዩን ብረት፣ በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። ኩሽኔታው ሲወጣ ግሪሱ ጥቀርሻ መስሏል። አንዷን ትንሽ ብረት በአውራ ጣቱ ጠርጎ አሳየኝ፤ ፊቷ ፈንጣጣ እንደያዘው ሰው ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል። «ተበልታለች» አለ። ከዚያ አዲሱን ኩሽኔታ መዳፉ ላይ አድርጎ ግሪስ ሞላው፤ በአንዱ ወገን ሲጫነው በሌላው ወገን ብቅ እስኪል ድረስ። አይቸኩልም። እኔ ጨርቅ ይዤ አጠገቡ ተንበርክኬ፣ ከስኮርታው ስር ያለውን አይቶት ይሆን? አይቶት ከሆነ ለምን እንዲህ አሳምሮ ይሠራል? እላለሁ። እያንዳንዱ ጥሩ ሥራው ይጎዳኝ ጀመር።

መልሶ ገጠመው። ታምቡሩን በአንድ እጁ እያሽከረከረ ዳዶውን በቁልፍ አጠበቀ፣ አጠበቀ፣ ማሽከርከሩ እስኪከብደው ድረስ። ከዚያ መልሶ ሩብ ዙር ፈታው።

አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን አደረግክ?»

«አላላሁት።»

«አላላሁት ትለኛለህ? ልጄን ጭኜ የምወርድበት ነው እኮ!»

«ኢንጂነር፣ መጀመሪያ የሚጠበቀው ሁሉም ቦታ ቦታውን እንዲይዝ ነው። ከዚያ ሩብ ዙር ይላላል። ብረት ሲሞቅ ያብጣል። መተንፈሻ ካላገኘ ይቃጠላል።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ድልድይ ሠርቻለሁ። አንድ ቡሎን ላላ ብሎ ትቼ ከሥራ ቦታ ወርጄ አላውቅም። አንድም!»

«ድልድይ አይዞርም፣ ኢንጂነር።»

የአክስቴ ሳቅ አመለጣት። ጥላዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቀችው። «ዛሬስ አገኘህ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን የሚነግርህ ሰው ጠፍቶ?»

አባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጆሮውና አንገቱ ቀልቷል። እኔም ሳቄ መጥቶብኝ ነበር፤ ግን እጆቹን አየሁ። ጉልበቱ ላይ አድርጓቸው፣ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይዞታል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባዬ እንደዚያ ትንሽ መስሎኝ አያውቅም። ጨርቁን አጣጥፌ መልሼ ዘረጋሁት፤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ።

ጆሮ ፒንሳውን አቀበለኝ። «ሽቦውን አንቺ እጠፊው» አለኝ በዝግታ። ከዳዶው ቀዳዳ ያሳለፈውን ሽቦ ሁለት ጫፎች ይዤ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን አጠፍኳቸው። ከአፍንጫው ብቻ ሳቀ።

«እንዲህ አጥፎ የሚሄድ መካኒክ የለም። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።» አቃንቶ በራሱ እጅ አጠፈው።

ቀኙን ሲሠራ ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸና አባዬ ገባ። አክስቴ ወንበሯ ላይ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። ያኔ ነው ዓይኑን ያነሳው።

«ደብዳቤሽን አግኝቼዋለሁ።»

«እና?»

«እና ነገ መኪናዋ ትነሳለች።»

በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ። «እንድሄድ ነው የምትፈልገው?»

«መኪና ተበላሽቶብሽ እንድትቀሪ አልፈልግም። ሰኞ አባትሽ ይመለሳል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ በሠራሁት ጎማ ይመለሳል። ያኔ በራችሁን አንኳኩቼ እጠይቀዋለሁ። ከእጄ ሥራ ሌላ ፊቱ የማቀርበው የለኝም።»

«ሰኞ?» አልኩት። «ሰኞ እኮ ነገሩ ሁሉ አልቋል። እዚያ የአክስቴ ሟች ባል ዘመድ አለ፣ የጥርስ ሐኪም። ቀለበት ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቁኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ የሰማሁትም ትናንት ማታ፣ ደብዳቤውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።»

መፍቻው ከእጁ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። አክስቴ ነቃች። አባዬም በበሩ ብቅ አለ። ጆሮ የቀኙን ሽቦ አጠፈ፣ ክዳኑን መትቶ ገጠመው። ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ወደ ግራው ጎማ ተመለሰ፤ ክዳኑን እንደገና ከፍቶ ለረጅም ጊዜ እዚያ ጎንበስ አለ። ጀርባውን ነበር የማየው። ሲጨርስ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

*

እሁድ በማለዳ ተነሳን። ለአንድ ሰዓት ያህል መኪናዋ እንደ አዲስ ሄደች። አክስቴ፣ «ንቦቹን አባረራቸው፤ እጁ ይባረክ» አለች። አባዬ መሪውን ይዞ ተረጋግቷል። ያን ያህል ተረጋግቶ ማየቴ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ያስፈራኝ ነበር።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አክስቴ አፍንጫዋን ነፋች። «አንተ ሰውዬ፣ የሚሸት ነገር አለ። ደግሞ እኔ አይደለሁም።»

የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ወደ ኋላ ዞር ስል በግራ በኩል ቀጭን ጭስ እየተከተለን ነው። «አባዬ፣ ጭስ!» አልኩ። ፍሬን ረገጠ፤ እግሩ ከሚገባው በላይ ወደ ታች ሲሄድ አየሁት። ከፊታችን ጭነት መኪና አለ። አባዬ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ትንሽ እያደረገ ሳበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እንደሚቆጥር ሰው። አክስቴ ትከሻዬን ከኋላ ጨብጣ የልጅነት ስሜን ትጠራለች። ኩርባውን ዞረን ነዳጅ ማደያ ታየን፤ ወደዚያ ስናመራ አንድ ሠራተኛ እጁን እያወናጨፈ፣ «እዚህ አታስገቡት! ከነጭሱ ወዴት ነው! ራቁ!» እያለ ሮጦ መጣ። አጥሩን ተጠግተን ቆምን።

አባዬ ከማደያው ስልክ ጆሮ ወደሚሠራበት ጋራዥ ደወለ። ሲናገር ሰምቼዋለሁ። «ና፣ ሥራህን እይ» አለና ዘጋው።

እሱ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያን ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም፤ ግማሹን ብቻ ልንገራችሁ። «ባትነሳ ምን አለበት» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ቀለበቱ የነገርኩት እኔ ነኝ። ያን ከሰማ በኋላ ነው ወደ ግራው ጎማ ተመልሶ ያጎነበሰው። ታዲያ ሌላ ምን ላስብ? ይወደኛል ብዬ ልቤ ሲዘል፣ ወዲያው ደግሞ አክስቴን አያታለሁ፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች። ሊገድላት ነበር። ደስታና ጥላቻ አንድ ላይ ሲመጡ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምሙ ያኔ አወቅሁ።

*

በጋራዡ ሞተር ብስክሌት መጣ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ከኋላ አስሮ። ገና ሳይወርድ፣ «የተጎዳ አለ?» አለ።

«ሰው አትይ፣ ጎማውን እይ» አለው አባዬ።

ክሪኩን አስገባ። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ፈለቀቀው። ከዚያ እጁ ቆመ። ሽቦው ላይ አውራ ጣቱን አሳለፈ፣ መልሶ አሳለፈ። ዓይኑን አንስቶ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አለ። እኔ «ዝም በይልኝ» እያለኝ ነው ብዬ ተረጎምኩት፣ ፊቴንም አዞርኩበት።

ዳዶው አልፈታም አለ። ክብደቱን በሙሉ ቁልፉ ላይ ጥሎ ነው የነቀለው። ታምቡሩ ሲወጣ ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል።

«ምንድነው?» አለ አባዬ።

«ጠብቆ ነው ኢንጂነር። ጠብቆ ነው የተቃጠለው።»

አባዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ንዴት ነው ብዬ አሰብኩ።

«ማን አጠበቀው?» አለች አክስቴ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ማላላቱን ረስቼው ነው።»

«ምን? ትናንት ላላ፣ አይላላም ስትባባሉ አልነበር እንዴ? እዚያው ተቀምጬ!»

«በኋላ መልሼ አጥብቄው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ወደ አባዬ ዞረ። «ከዛሬ በኋላ እግቢዎ አልመጣም። ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።»

ሰኞ በራችንን ሊያንኳኳ የነበረ ሰው ነው ይህን ያለው። በገዛ አፉ በሩን ዘጋ። አባዬ ግን አልጮኸም፣ አልሰደበም። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሩ ሄደና ሽቦውን ይዞ ቆመ።

ጆሮ ከመኪናው ኋላ ሄዶ እጁን ሊታጠብ ጄሪካኑን አነሳ። ተከተልኩት፤ ጄሪካኑን ነጥቄ አፈሰስኩለት።

«ልትገድለን ነበር» አልኩት በሹክሹክታ።

እጁን ማሸት ቀጠለ።

«አክስቴ ነበረች። አባቴ ነበር። አስቀረኝ ብዬ ብጽፍልህ፣ በዚህ መንገድ ነው?»

ራሱን ቀና አደረገ። «እኔ?»

«ስለ ቀለበቱ ስነግርህ ወደ ግራው ጎማ ተመልሰህ አልሄድክም?»

«ላየው ነው የሄድኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ የሠራሁትን አላምነውም፤ ደግሜ ነው የማየው።» ድምፁ ወረደ። «አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ምን?»

«ሽቦው ሁለቱም ጫፉ ወደ አንድ ወገን ነው የታጠፈው። እንዳንቺ። ደግሞ ባትነሳ ብለሽ ጽፈሻል…»

ውሃው ጫማችን ላይ መፍሰሱን ማናችንም አላየንም። «እኔ መስዬህ ነው?» አልኩት። «እኔ መስዬህ ነው ጥፋቱን የወሰድከው?»

«አባትሽ ፊት ምን እንድል ፈለግሽ?»

«ለእኔ ብለህ መዋሸት የለብህም።»

ይህን ያለው ድምፅ ከኋላችን ነው የመጣው፤ የጆሮን የመጨረሻ ቃል ብቻ ሰምቶ የደረሰ። አባዬ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። እኛን ሳይሆን መሬቱን እያየ ተናገረ፤ ከወረቀት ላይ የሚያነብ ነበር የሚመስለው።

«ዛሬ ጠዋት ሳትነሱ ወጥቼ ክዳኑን ከፍቼ አጠበቅኩት። ሁለቱንም ጎማ፤ አልሄድ እስኪል። ሌሊቱን ዓይኔን ስጨፍን ጎማው ሲወልቅ ይታየኝ ነበር። እሷ ውስጡ ሆና። አንተ ገና ሽቦውን ስታይ አወቅከኝ፤ ይህ ሽማግሌ በቤተሰቡ ፊት አይፈር ብለህ ጥፋቱን ወሰድክ። አልቀበልም።»

ጆሮ እጁ እየተንጠባጠበ ቆመ። ዝም ቢል ይበቃው ነበር። አባዬ እድሜ ልኩን እንዳከበረው ይኖር ነበር፤ እኔም ከጎኑ እሆን ነበር።

«ኢንጂነር» አለ፣ «እኔም አልዋሽዎትም። እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው?»

ጭነት መኪና አለፈና አቧራው እስኪያርፍ ሦስታችንም ቆምን። ያኔ አንድ እርምጃ ወደ አባዬ ቀረብኩ።

«ለእኔ ነው አባዬ። እኔ ያበላሸሁት መስሎት ነው። እንዳልሄድ ብዬ።»

«እንዳትሄጂ?»

«እንዳልሄድ።»

«ለም…» አለና አልጨረሰውም። እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። የሚሆነው ሁሉ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲገባው አየሁት።

«አንተ» አለው በመጨረሻ። «ይህ ስህተት የሰው ሕይወት ያለበት ነው። ወሬው ከተማ ቢገባ መኪናውን የሚሰጥህ ሰው አይኖርም ነበር። ይህን አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ስምህን ሰጠሃት።»

«ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።»

አባዬ ኮፍያውን አንድ ጊዜ አዞረው። «እኔ እጅ ብቻ ነው ያልኩት ሰው» አለ፤ ለማን እንደተናገረው አላውቅም። ዓይኑ ዙሪያ ግን ቀልቶ ነበር፣ የእኔም እንደዚያው።

*

ጆሮ ሌላ ታምቡርና አዲስ ጥንድ ኩሽኔታ በሳጥኑ ይዞ መጥቶ ነበር። ግራውን እንደገና ሠራ። ወደ ቀኙ ሲሄድ አባዬ፣ «ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለና ስለ ሱሪው ሳያስብ ተንበረከከ። «እስከየት?» ይላል። «ትንሽ ይጨምሩ… ይበቃል ኢንጂነር» ይለዋል ጆሮ። አክስቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ዝም ብላ አታውቅም።

ሲያልቅ አባዬ የመኪናውን ቁልፍ ለጆሮ ሰጠው። «እጄ አልረጋልኝም። አንተ ንዳ።» ጆሮ ሞተር ብስክሌቱን ለማደያው ሰው አደራ ሰጠ። አባዬ በሩን ከፍቶ ከኋላ፣ ከአክስቴ አጠገብ ገባ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ጆሮ መሪውን ይዞ ጠበቀ።

«ወዴት ልንዳ፣ ኢንጂነር?»

ወደ ታች ከሆነ ከተማው ነው፣ ወደ ላይ ከሆነ ቤታችን። እስከዚያ ቀን ድረስ የትኛው ትምህርት ቤት እንደምገባ፣ የትኛውን ሥራ እንደምይዝ፣ በየትኛው መንገድ እንደምሄድ የሚወስነው አባዬ ነበር።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ ከኋላ። «እሷን ጠይቃት።»

ዞር ብዬ አየሁት። እየቀለደ አይደለም።

«ወደ ታች» አልኩ። «ሥራውን እፈልገዋለሁ። ቀለበቱን ግን አልፈልግም። ቀለበቱን የምፈልገው ከማን እንደሆነ ዛሬ ሁላችሁም ገብቷችኋል።»

መጀመሪያ የተናገረችው አክስቴ ናት።

«እንግዲህ ለዚያ ለጥርስ ሐኪም ምን ልበለው?»

«ጥርሷ ደህና ነው በይው» አለ አባዬ።

አባዬ ቀልድ አያውቅም ነበር። ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አክስቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሳቄም መሃሉ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ጆሮ መኪናዋን ማስነሳት ረስቶ መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም። በመስታወቱ አባዬን አየሁት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ በቀልዱ ያፈረ ይመስል ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ ብሏል። ሃያ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ ያን ፊት አይቼው አላውቅም። ገና አሁን የተዋወቅሁት መሰለኝ። ከኋላዬ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን እየሰማሁት፣ ናፈቀኝ።